የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ ዕድሜው ሳይደርስ ሲቆም፦ ችግርና መፍትሄ

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ችግር፦ መርከቡ ሲያዩት ደህና ነው። ግን ወደብ ላይ ታስሮ ዓመት ይቆጥራል።

ምክንያት፦ ወረፋ። ቦይዚ የተባለው የአሜሪካ ሰርጓጅ አገልግሎት የጀመረው በ1992 ነው። የመጨረሻ ስምሪቱን በ2015 ጨርሶ በማግስቱ ዓመት ከባድ ጥገና ሊገባ ነበር። የባሕር ኃይሉ ጥገና ጣቢያዎች ግን በሌላ ሥራ ተጨናንቀዋል። በ2017 የመጥለቂያ ፈቃዱ አለቀበት። ነገሩ እንደ መኪና ቦሎ ነው፤ ጊዜው ካለፈ ሞተሩ ቢነሣም መንገድ የለም። ቁጥጥሩ የጠበቀው በ1963 ትሬሸር የተባለው ሰርጓጅ ሰምጦ 129 ሰዎች ካለቁ በኋላ ነው። ከያኔ ጀምሮ የባሕር ውሃ የሚነካው ቧንቧና ብየዳ ሁሉ ማስረጃ ይጠየቅበታል።

መፍትሄ፦ ሥራውን ለግል መርከብ ሠሪ መስጠት። ቦይዚም በ2024 የ1.2 ቢሊዮን ዶላር ውል ተፈረመለት። በእኔ እይታ በጣም ዘግይቷል። የዚህ ዓይነት መርከብ ዕድሜ 33 ዓመት ገደማ ነው፤ ቆሞ የከረመበትም ይቆጠርበታል።

ችግር፦ የሪአክተሩ (የኒውክሌር ኃይል ማመንጫው) ነዳጅ ሊያልቅ ነው።

መፍትሄ፦ አካሉን ቀዶ ነዳጁን መቀየር። ውድ ነው፤ የሚያዋጣው ብረቱ ገና ዕድሜ ካለው ብቻ ነው። አዲሶቹ የቨርጂኒያ ምድብ መርከቦች ግን ሲሠሩ የተሞላላቸው ነዳጅ እስከ ጡረታ እንዲያደርሳቸው የታሰበ ነው።

ችግር፦ አፍንጫው ተጨፍልቋል።

ምክንያት፦ ሳን ፍራንሲስኮ የተባለው የአሜሪካ ሰርጓጅ በጥር 2005 ከጓም ደሴት ደቡብ ምሥራቅ ከባሕር ሥር ተራራ ጋር በሙሉ ፍጥነት ተላተመ። አንድ ባሕርተኛ ሞተ። ውሃ የሚከላከለው ዋናው አካል ግን ቻለው።

መፍትሄ፦ ጡረታ ሊወጣ ከተቃረበው ሆኖሉሉ ከተባለው ሌላ ሰርጓጅ የፊቱን ክፍል ቆርጦ መበየድ። ሆኖሉሉ ያልተጎዳ ሆኖ ሳለ ለምን የተመታው ተረፈ? ሳን ፍራንሲስኮ ከጥቂት ዓመታት በፊት ነዳጅ ተቀይሮለት ስለነበር ነው። ፈረንሳዮችም በ2020 ቱሎን ወደብ ላይ ለተቃጠለው ሰርጓጃቸው ለፔርል የጡረተኛውን ሰርጓጅ የሳፊርን ፊት ገጠሙለት። ሲወጣ 1.4 ሜትር ረዝሞ ነበር!

ችግር፦ እሳት ገብቶበታል፤ ወጪውም እየናረ ነው።

ምክንያት፦ በ2012 ሜይን ግዛት ለጥገና የገባው ማያሚ የተባለው የአሜሪካ ሰርጓጅ ላይ አንድ ሠራተኛ ከሥራ ቶሎ ለመውጣት ብሎ እሳት ለኮሰ።

መፍትሄ፦ የለም። መጀመሪያ ይጠገናል ተባለ፤ ገንዘቡ ሲታይ ተተወና በ2014 ከአገልግሎት ወጣ። የእንዲህ ያለው መርከብ ነዳጅ ወጥቶ ወደ አይዳሆ ግዛት ይላካል። የሪአክተሩ ክፍል ተቆርጦ ዋሽንግተን ግዛት ሃንፎርድ ይቀበራል። የተረፈው ብረት ይቆራረጥና ይሸጣል።