የአፈር ግድግዳ ልስን ለምን ይወድቃል? ችግሩና መፍትሄው

የሚያፈስ ጣሪያና የተቀደደ ቧንቧ እንደሌለ ቀድማችሁ አይታችኋል ብዬ ልጀምር። ሁለቱም ደህና ሆነው ልስኑ እየተነሳ ካስቸገራችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ግድግዳው የጭቃ ጡብ ይሁን፣ የተጨመቀ የአፈር ብሎኬት ይሁን፣ ጭቃና ጭድ ይሁን፣ ነገሩ ያው ነው።

ምልክቱ

መጀመሪያ ልስኑ ያብጣል። በጣት አጥንት ስታንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ቀጥሎ ቀጫጭን ስንጥቆች ይታያሉ። ከዚያ አንድ ቀን ትልቅ ቁራጭ ተገንጥሎ ይወድቃል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከታች ነው፣ ከወለሉ እስከ ጉልበት ባለው ከፍታ።

ባለቤቶቹ ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነው፦ «ድሮም አፈር አይሆንም!» ይህን በሰማሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። አፈሩ ምንም አላጠፋም። ያበላሸው ላዩ ላይ የተለሰነው ሲሚንቶ ነው።

የወደቀውን ቁራጭ ገልብጡት

ጠርጋችሁ ከመጣላችሁ በፊት ጀርባውን እዩ። ጀርባው ንጹሕ ከሆነ ልስኑ መጀመሪያውኑ አልያዘም። ለሳኙ አቧራውን ሳይጠርግና ግድግዳውን ሳያርስ ለስኗል ማለት ነው። ነጭ ብናኝ ካለበት ጨው ነው፤ ግድግዳው ከመሬት ውሃ እየሳበ ነው።

አብዝቼ የማየው ግን ሌላ ነው። ቁራጩ የጣት ውፍረት ያለው አፈር ይዞ ይወርዳል። አፈሩን ስትነኩት እርጥብ ነው፤ ስትጨብጡት ይጠፈጠፋል። እዚህ ላይ የለቀቀው ልስኑ ብቻ አይደለም። ግድግዳው ራሱ ከውስጥ እየላላ ነው።

ምክንያቱ

የአፈር ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል። ከመሬት የሚመጣ፣ ከዝናብ የሚረጭ፣ ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ ቤት እንፋሎት የሚገባ እርጥበት ሁሉ በግድግዳው ፊት በኩል ይደርቃል። ሲሚንቶ ልስን ይህን እንፋሎት እንደልብ አያሳልፍም። ሲሰነጠቅ ደግሞ የዝናብ ውሃ በስንጥቁ ይገባል። ገባ እንጂ መውጫ የለውም። በዚያ ላይ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው ግን ግትር ነው። አብረው መንቀሳቀስ ስለማይችሉ ይላቀቃሉ። ብሎኬቱ ሲሠራ ከአፈሩ ጋር ሲሚንቶ የተደባለቀበት ከሆነ ትንሽ ይታገሣል፤ ከእርጥበት ግን አያመልጥም።

አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ፣ ራንቾስ ደ ታኦስ የሚገኘው የጭቃ ጡብ ቤተ ክርስቲያን የደረሰበትም ይኸው ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1967 በሲሚንቶ ተለሰነ። ውሃ ከኋላው ታፍኖ ጡቡን ይበላው ጀመር። በመጨረሻ ሲሚንቶው ተነስቶ ወደ ጭቃ ምርግ ተመለሱ። ምእመናኑ ዛሬም በየዓመቱ በእጃቸው ይመርጉታል።

እኔ ራሴ የጠገንኩት አንድ ቤት አለ። ልስኑ በወደቀ ቁጥር ባለቤቱ የባሰ ወፍራም ሲሚንቶ ያስለስን ነበር። መጨረሻ ላይ የሽቦ መረብ አስመትቶ አስለሰነበት። እኔ ስደርስ ሽቦው ዝጎ ይበጣጠሳል። ከኋላው ያለውን ጡብ በአውራ ጣቴ ስጫነው ጣቴ ገባ። ልስን ለመጠገን ተጠርተን ጣሪያውን በድጋፍ አቁመን የግድግዳውን ግርጌ እንደ አዲስ ሠራን። ሌላ ቦታ ደግሞ ግድግዳው ሥር የአበባ መደብ ሠርተው በየማለዳው ውሃ ያጠጡ ነበር። ልስኑ የሚወድቀው ልክ በመደቡ ርዝመት ነበር! ከመደቡ ውጭ ያለው ግድግዳ ምንም አልሆነም።

መፍትሄው

መጀመሪያ ውሃውን አርቁ። ግድግዳው ላይ የተቆለለ አፈር፣ የአበባ መደብ፣ ወደ ቤቱ ያዘነበለ ሲሚንቶ ወለል ይነሳ። የውጭው መሬት ከድንጋይ መሠረቱ አናት ቢያንስ 20 ሳንቲሜትር ዝቅ ይበል። ይህን ሳትጨርሱ ልስን የሚባል ነገር አትንኩ።

ከዚያ ሲሚንቶውን አንሱ። እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ግርጌው ረጥቦ ከላላ፣ ግድግዳውን አቅፎ የያዘው ያ የሲሚንቶ ቅርፊት ሊሆን ይችላል። ሙሉውን ባንዴ ከነቀላችሁት ግድግዳው ሊናድ ይችላል። ጣሪያውን ደግፉ። ከአንድ ሜትር በማይበልጥ ስፋት፣ አንዱን ዘላችሁ አንዱን ንቀሉ። ባዶ ድምፅ ከሚሰጠው ቦታ ጀምራችሁ በመሮ ፈልቅቁ። ጠንክሮ የያዘውን በመዶሻ አትደብድቡ፤ የጡቡን ፊት ይዞ ይመጣል።

ግድግዳው ይድረቅ። ሳምንታት ይፈጃል፤ በጣም የረጠበ ከሆነ ወራት። በእሳት ወይም በማሞቂያ አታፋጥኑት፤ ይሰነጠቃል። የጎደለውን ሙሉ፣ ግን በሲሚንቶ ሳይሆን ከግድግዳው ጋር በሚመሳሰል አፈር።

ለልስን ሁለት ምርጫ አላችሁ። አንዱ ምርግ ነው፦ ሸክላማ አፈር፣ አሸዋና የተከተፈ ጭድ። መጠኑን ከሰው አትጠይቁ፣ አፈር ሁሉ ይለያያል። አሸዋውን እያበዛችሁ የተለያየ ድብልቅ ግድግዳው ላይ በትንሽ በትንሹ ለስናችሁ አድርቁ። ከተሰነጠቀ ሸክላው በዝቷል። በእጅ ሲታሽ ከረገፈ አሸዋው በዝቷል።

ሌላው ኖራ ነው፤ አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ አሸዋ። በተጨመቀ ብሎኬት ላይ ጥሩ ይይዛል፤ ግድግዳውን ቀድማችሁ አርሱት። አንዱ ሽፋን ከ1 ሳንቲሜትር አይበልጥ። ፀሐይና ንፋስ ከልሉለት፣ ቀናት ሙሉ ውሃ እርጩበት። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ነው፤ ቶሎ ከደረቀ ሥራው ይቆማል፣ ልስኑም ብናኝ ሆኖ ይቀራል። ጓንትና መነጽር የግድ ነው። ኖራ ዓይን ያሳውራል። ያልጠፋ ኖራ፣ ማለትም ገና ውሃ ያልጠጣው፣ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ውሃውን ኖራው ላይ አታፍስሱ፣ ኖራውን ውሃው ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። ልጆችን አርቁ።

በላዩ ላይ የዘይት ወይም የፕላስቲክ ቀለም አትቀቡ! ይህን ሁሉ ደክማችሁ እርጥበቱን እንደገና ታፍናላችሁ። በውሃ የቀጠነ ኖራ ቀቡት።

ሌሎች የግንባታ ዕቃ ችግሮች፣ ባጭሩ

ብሎኬቱ ገና ሳይለሰን ጠርዙ ከረገፈ፣ እንደተጨመቀ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ሲሚንቶ ያለበት የአፈር ብሎኬት ቢያንስ ለ7 ቀን በላስቲክ ተሸፍኖ እርጥብ መሆን አለበት። ሳያቆዩ የሚሸጡ ሰዎች ዕቃቸውን ይዘው ይመለሱ።

ከተፈጨ አሮጌ ኮንክሪት በተሠራ ጠጠር የምታቦኩት ኮንክሪት ቶሎ ከደረቀባችሁ፣ ጠጠሩ ውሃውን እየጠጣ ነው። ቀድማችሁ አርሱት።

ከፕላስቲክ ቆሻሻ የተሠራ ጣውላ ከጎበጠ፣ ተሸካሚዎቹ ተራርቀዋል ወይም በሙቀት ሲረዝም ክፍተት አጥቷል።

ከፈረሰ ቤት የመጣ እንጨት ላይ አሮጌ ቀለም ካለ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። መጋዝ ከማስገባታችሁ በፊት ምስማሩን በማግኔት ፈልጉ።

ከቀርከሃው ሥር ደቃቅ ብናኝ ካያችሁ ነቀዝ ገብቶታል። ነቀዝ በሚከላከለው ቦራክስ በሚባል ጨው ሳይነከር የመጣ ነውና የተበላውን ቀይሩ፣ አዲሱን ነክራችሁ ግጠሙ።