ሁለቱን ኦስካሮች ያስማማሁበት መንገድ

ኦስካር የአማዞን ዓሣ ነው። ሲያድግ ከ30 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፤ ግዛቱንም አያስደፍርም። የእኔው 400 ሊትሩን አኳሪየም ብቻውን ለምዶት ነበር። ሁለተኛ ኦስካር ሳስገባ ጥግ አስይዞ ክንፉን ቦጫጨቀው።

መጀመሪያ ለየኋቸው። ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ መሃል ላይ አቆምኩ። ውሃው ያልፋል፣ ዓሣው አያልፍም። እንደዚያ እየተያዩ ሰነበቱ። የተጎዳው እስኪያገግም የውሃውን ሩብ ቶሎ ቶሎ ቀየርኩ። የሚጨመረው ውሃ ክሎሪን የሌለበትና ሙቀቱ የተመጣጠነ መሆን አለበት። ለቀላል ቁስል ንጹሕ ውሃ ከመድኃኒት ይበልጣል ባይ ነኝ።

ነገሩን የፈታው ግን ዕቃውን ማዘዋወሩ ነው። ነባሩን ለጊዜው ሌላ ገንዳ ውስጥ አቆየሁት። ድንጋዩን ሁሉ አንስቼ በአዲስ መልክ ደረደርኩ፤ እይታ የሚከልል ትልቅ ግንድም መሃል ላይ አጋደምኩ። ከዚያ ሁለቱንም እኩል ለቀቅኳቸው። ነባሩ “የኔ” የሚለው ጥግ ጠፋበት። (ኦስካር መቼም አርፎ አይቀመጥም፤ ድንጋዩን መልሶ እየገፋ እንደ ልቡ ያደርገዋል።) ምግብም በሁለት ጫፍ እጥላለሁ።

አሁንም አልፎ አልፎ አፍ ለአፍ ይገጥማሉ፤ ክንፍ ግን አይቀደድም። ፕላስቲኩን አልጣልኩትም። ተጣምረው እንቁላል ከጣሉ ጠባያቸው ይከፋልና።