አልፈታ ያለ የዘይት ፊልትሮ፦ ችግርና መፍትሄ

እሁድ ከሰዓት ስልኬ ከጠራ ወይ ቡና ተፈልቷል፣ ወይ ደግሞ አንዱ ዘመድ መኪና ሥር ተኝቶ ከፊልትሮ ጋር እየታገለ ነው። ቡናው ቢበዛ ደስ ባለኝ። ባለፉት ዓመታት የፈታኋቸውን እምቢተኛ ፊልትሮዎች ቁጥር ረስቼዋለሁ። አብዛኞቹ ቪትዝና ኮሮላ ላይ ስለነበሩ የምጽፈውም በእነሱ ልክ ነው።

ዘይት መቀየር ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምነሳው። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንስቶ ሥሩ የሚገባ ሰው ካለ ግን ይህን ማንበብ ትቶ ካቫሌቶ (መኪናው የሚቆምበትን የብረት እግር) ይግዛ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም።

ዘይቱን ለማፍሰስ አትቸኩል

ብዙ ሰው ማፍሰሻውን ብሎን ፈትቶ፣ ዘይቱን ሙልጭ አድርጎ፣ ከዚያ ነው ወደ ፊልትሮው የሚዞረው። ፊልትሮው እምቢ ካለ አለቀ፤ መኪናው ባዶ ሞተር ይዞ ግቢ ውስጥ ይቀራል። እኔ ቅድሚያ የምነካው ፊልትሮውን ነው። አንድ ጣት ያህል ከዞረልኝ በእጄ መልሼ ጠበቅ አደርገውና ዘይቱን አፈሳለሁ። ካልዞረ ዘይቱ ገና ሞተሩ ውስጥ ነው። መኪናውን አስነስቼ መካኒክ ጋ እሄዳለሁ፣ ማንም አይስቅብኝም።

ምልክት፦ እጅ ይንሸራተታል፣ ፊልትሮው ንቅንቅ አይልም

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቅባት ነው። ፊልትሮውን በላርጎና በጨርቅ እጠበው፣ አድርቀው፣ የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት አድርገህ ሞክር። ቤንዚን በጨርቅ ነክሮ ሞቃት ሞተር ሥር የሚያጥብ ሰው አይቻለሁ። እባክህ አታድርገው።

ምልክት፦ በታገልከው ቁጥር ይብስበታል

እያጠበቅከው ነው። አትሳቅ፣ ሁላችንንም ያጋጥመናል። አንድ ጎረቤታችን፣ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ግማሽ ሰዓት ሲታገሉ ደረስኩ።

«ጋሼ፣ እያጠበቁት እኮ ነው።»

«ወደ ግራ ነው የማዞረው፣ አትነዝንዘኝ!»

«የማን ግራ?»

ዝም አሉ። እጃቸውን ከላይ አሾልከው ከሞተሩ በኩል ነበር የያዙት፤ ከዚያ በኩል ግራው ቀኝ ይሆናል። የፊልትሮውን ድፍን ቂጥ ፊት ለፊትህ እንዳለ አድርገህ አስብና ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ አዙር። ቦታው ጠቦ ግራ ካጋባህ አቅጣጫውን ፊልትሮው ላይ በማርከር ጻፍበት።

ምልክት፦ ንጹሕ ነው፣ አቅጣጫውም ልክ ነው፣ ግን ድንጋይ ሆኗል

ዋናው ይኸው ነው። ከአሥር ጥሪ ስምንቱ እዚህ ያርፋል።

ጥፋቱ የዛሬ ሳይሆን ያለፈው ዘይት ቅያሪ ነው። ያኔ ያሰረው ሰው ሁለት ነገር አድርጓል። አንደኛ፣ የፊልትሮውን የጎማ ቀለበት ዘይት ሳይቀባ ደረቁን አስሮታል። ደረቅ ጎማ ብረት ላይ አይንሸራተትም፤ ይነክሳል፣ ይጠማዘዛል። ሁለተኛ፣ «እንዳያፈስ» ብሎ በመፍቻ አጥብቆታል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ በየቀኑ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ጎማው ይደርቅና ብረቱ ላይ በሙጫ እንደተለጠፈ ይሆናል። ፊልትሮ የሚፈልገው ጥብቀት ትንሽ ነው። እነዚህ 1.5 ሊትር ሞተር ያላቸው ቶዮታዎች ላይ 17.5 ኒውተን ሜትር ነው፤ የማፍሰሻው ብሎን እንኳ የዚህን ሁለት እጥፍ ይወስዳል። በመፍቻ የሚያጠብቅ ልጅ ግን ስንት እንደሰጠው እግዜር ይወቀው።

አንድ ኮሮላ አስታውሳለሁ። ባለቤቷ የእህቴ ባል ነው። ዘይቱን ያስቀየረው መንገድ ዳር ካለ ቤት ነበር፣ በአሥር ደቂቃ። እኔን ያስለፋችኝ ሁለት ሰዓት ነው። የቀበቶ መፍቻውን የፊልትሮው ወገብ ላይ አስገብቼ ስስብ ጣሳው እንደ ቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ጭምድድ አለ። ስህተቱ የእኔ ነበር። ወገቡ ባዶ ቆርቆሮ ነው። ጥንካሬው ያለው ሥሩ ላይ፣ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ከንፈር በኩል ነው፤ ምክንያቱም ውስጡ ወፍራም የብረት ሳህን አለ። መፍቻውን ወደ ሥሩ ባስጠጋሁት ጊዜ «ጭርቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁና ዞረ። ያቺን ጭርቅታ የሰማ ሰው ያውቃታል፤ ጎማው ከብረቱ ሲላቀቅ ነው።

እንግዲህ የምሄድበት መንገድ ይህ ነው። ሞተሩን ሁለት ሦስት ደቂቃ አስነስቼ አጠፋለሁ። ሞቅ ያለ ጎማ ይለሰልሳል። ሞቅ ያለ እንጂ የጋለ አላልኩም! ገና ከመንገድ የገባ መኪና ሥር አትግባ፤ ዘይቱም የጭስ ማውጫውም ቆዳ ይገፋል። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት እጠቀልልበታለሁ፣ ሻካራው ወደ ቆርቆሮው፣ ጀርባው ወደ መዳፌ። ብር የማያወጣ ዘዴ ነው፣ ግማሹን ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ ጫፉ ላይ እንደ ቆብ የሚገባውን መፍቻ አመጣለሁ። ለትንሹ የቶዮታ ፊልትሮ ባለ 65 ሚሊሜትር፣ 14 ጠርዝ ያለው ነው። «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የሚሸጠው ቆብ ለማንም አይሆንም፤ ይንሸራተትና ጠርዙን ይልጠዋል። ቆቡም ካቃተው የቀበቶ ወይም የሰንሰለት መፍቻ፣ ሥሩ ላይ። ሰንሰለት ቆርቆሮውን ያበላሻል፤ ይበላሽ፣ የሚጣል ነው። መፍቻ ከሌለህ አሮጌ ቺንጋ ጠምጥመህ ጫፎቹን በዱላ አጥብቀህ ማዞር ትችላለህ። በጉተታ አትሥራ፤ ቀስ እያልክ ግፊቱን ጨምርና ያዘው፣ ጎማው ራሱ ይሰጥሃል።

ካቻቢቴስ? ሁሉም ሰው የሚነግርህ ዘዴ ነው፦ ብሳውና እንደ እጀታ አዙረው። እኔ አልወደውም። የተበሳ ፊልትሮ ይዞ መኪና አይነዳም፤ መካኒክ ጋ የመሄጃህን መንገድ በገዛ እጅህ ዘጋህ ማለት ነው። ደግሞ አንደኛ ደረጃ ፊልትሮ ካልሆነ ካቻቢቴው ቆርቆሮውን እንደ ወረቀት ይቀደዋል። ሌላ ከሌለ ብቻ፣ ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብለህ ብሳ። ሥሩ ጋ ከበሳህ ፊልትሮው የሚታሰርበትን ባለ ጥርስ ቱቦ ትመታለህ፤ ያ ከተበላሸ አዲሱም አይታሰርም። ዘይቱም ክንድህ ላይ እንደሚወርድ እወቅ።

ምልክት፦ ጣሳው ተቀዶ ወጣ፣ ሳህኑ ሞተሩ ላይ ቀረ

ካቻቢቴ የወደደ ሰው መጨረሻው እዚህ ነው። የቀረውን ቆርቆሮና ወረቀት በፒንሳ ልቀምና አጽዳ። ዙሪያውን ትንንሽ ቀዳዳ ያለበት ሳህን ይቀርልሃል። ሁለት ቀዳዳ ውስጥ ጠንካራ የፒንሳ ጫፍ አስገብተህ አዙር። ካልሆነ ደብዛዛ መሮ የሳህኑ ጠርዝ ላይ ደግፈህ በሚፈታበት አቅጣጫ በትንሽ መዶሻ ቶክ ቶክ አድርግ። መሮው የሞተሩን ፊት እንዳይነካ! እዚያ ላይ የሚቀር ጭረት ከዚያ በኋላ በማንኛውም ፊልትሮ ያፈሳል።

ምልክት፦ ፊልትሮው ወጣ፣ አዲሱ ታሰረ፣ ሞተሩ ሲነሳ ዘይት ተረጨ

የወጣውን ፊልትሮ ገልብጠህ አየኸው? ጎማው አለ? የተጣበቀ ፊልትሮ ብዙ ጊዜ ጎማውን ሞተሩ ላይ ጥሎ ይወጣል። ጥቁር ነው፣ ቦታው ጨለማ ነው፣ አይታይም። አዲሱን በላዩ ስታስር ጎማ በጎማ ላይ ይሆናል፤ ግፊት ሲመጣ ይሾልካል። የአክስቴ ልጅ ይህን አድርጎ ከቤቱ እስከ መገናኛ እንኳ አልደረሰም። ደግነቱ ቀዩ የዘይት መብራት እንደበራ አቆመ። «ቤት ልድረስና አየዋለሁ» ቢል ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ሞተር ማሠሪያ ነበር። ጣትህን ዙሪያውን አዙር፣ በባትሪ እይ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጥረግ።

ፊልትሮው ሲዞር ባለ ጥርሱ ቱቦም አብሮ ተፈትቶ ከወጣ፣ ብዙ አያጋጥምም፣ ከፊልትሮው ለይተህ የብሎን ጥርስ ማጣበቂያ ቀብተህ መልሰህ እሰረው። የፊልትሮው የውስጥ ወረቀት ብቻ የሚቀየርበት፣ ክዳኑ ፕላስቲክ የሆነ መኪና ካለህ ደግሞ ሰንሰለትም መዶሻም አታስጠጋ፤ ልኩን ቆብ ፈልግ።

አዲሱን ስታስር

ሱቅ ላይ «አንድ ነው፣ ይገባል» የሚልህን ልጅ አትመነው። የቶዮታው ጥርስ ሦስት አራተኛ ኢንች ነው፣ ወደ 19 ሚሊሜትር። የሆንዳና የሀዩንዳይ 20 ነው። 20ው በቶዮታው ላይ ይገባል፣ ትንሽም የያዘ ይመስላል፣ ከዚያ ግፊት ሲመጣ ተስፈንጥሮ ይወጣል። አሮጌውን ይዘህ ሂድና ጥርሱንም ጎማውንም አስተያይ። ቆርቆሮውን በጣትህ ጫን በለው። ከገባልህ መልስለት።

ጎማውን በአዲስ ዘይት ቀባው። በእጅ አዙረህ ጎማው ሞተሩን ሲነካ ሦስት አራተኛ ዙር ጨምር። በእጅ። መፍቻው ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጥ።

ዘይቱን ሞልተህ፣ እነዚህ 1.5 ሊትር ሞተሮች ላይ ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ነው፣ ሞተሩን አስነሳ። ቀዩ መብራት በጥቂት ሰኮንድ ካልጠፋ ወዲያው አጥፋ። ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ ይሥራ፣ ከዚያ አጥፍተህ ፊልትሮውን ዙሪያውን በነጭ ሶፍት ጥረግ። ማታ ሥሩ ካርቶን አንጥፍ። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ጠብታ ካለ ለማጥበቅ አትሩጥ፤ መጀመሪያ ፈትተህ ጎማውን እይ።