የላፕቶፕ ምትክ ቻርጀር አመራረጥ፦ ጫፉ መግባቱ ብቻ አይበቃም

የላፕቶፕ ቻርጀር ሲቃጠል ወይም ሲጠፋ አብዛኛው ሰው ላፕቶፑን ይዞ ይሄድና ጫፉ ልክ የሚገባለትን ቻርጀር ይመርጣል፤ የባትሪው መብራት ከበራለት ደግሞ ነገሩ አለቀ ብሎ ይመለሳል። ይሁን እንጂ ጫፉ መግባቱ የሚመሰክረው ስለ ቀዳዳው ስፋት ብቻ ነው። በዚያ ቀዳዳ ስንት ቮልት እንደሚገባ፣ የትኛው ወገን ፖዘቲቭ እንደሆነና ቻርጀሩ ከአቅሙ በላይ ሳይግል ስንት ዋት ሊሰጥ እንደሚችል የሚታወቀው ጀርባው ላይ ከታተመው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን አስቀድሞ ማንበብ፣ ጫፉን ደግሞ ቀጥሎ ማየት ይገባል።

ንባቡ የሚጀምረው ከላፕቶፑ ነው። ላፕቶፑን ገልብጠው ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ቢያዩ፣ ለምሳሌ 19.5 ቮልት እና 3.34 አምፔር የሚል ያገኛሉ፤ ላፕቶፑ እንዲገባለት የሚፈልገው ይህ ነው። በቻርጀሩ ላይ ግን ሁለት መስመሮች አሉ። «ኢንፑት» የሚለው ከግድግዳ ሶኬት የሚቀበለውን የሚገልጽ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፤ ላፕቶፑን የሚመለከተው «አውትፑት» የሚለው ሁለተኛው መስመር ነው። ቮልቱን በአምፔሩ ሲያባዙት ዋቱ ይወጣል፦ 19.5 ሲባዛ በ3.34 በግምት 65 ዋት ይሆናል። 19 ቮልት በ3.42 አምፔር እና 20 ቮልት በ3.25 አምፔርም ሲባዙ እዚያው 65 ዋት ላይ ያርፋሉ፤ ቁጥሮቹ ቢለያዩም ቻርጀሮቹ በአቅም እኩያ ናቸው ማለት ነው።

ቮልትና አምፔር ግን በአንድ ዓይን አይታዩም። ቮልቱ ላፕቶፑ ከሚፈልገው ጋር መመሳሰል አለበት። በ19፣ በ19.5 እና በ20 ቮልት መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ስለሆነና በላፕቶፑ ውስጥ ያለው ዑደት የገባውን ቮልት ለባትሪውና ለማዘርቦርዱ በሚስማማ መጠን ዝቅ ስለሚያደርገው፣ ከነዚህ አንዱ በሌላው ቢተካ አብዛኛውን ጊዜ ችግር አይፈጥርም። 12 ቮልት የሚፈልግን ትንሽ ላፕቶፕ በ19 ቮልት ቻርጀር መሞከር ግን ከመዳን ይልቅ ለመቃጠል የቀረበ ነው። አምፔሩ በተቃራኒው ቢበልጥ አይጎዳም፤ ላፕቶፑ የሚስበው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ስለሆነ ለ65 ዋት ላፕቶፕ የ90 ዋት ቻርጀር መጠቀም ይቻላል፤ እንዲያውም ቻርጀሩ ሳይጨናነቅ ይሠራል። ጉዳት የሚመጣው ሲያንስ ነው፦ የ90 ዋት ላፕቶፕ በ45 ዋት ቻርጀር ሲሠራ ቻርጀሩ ይግላል፣ ራሱን በየጊዜው ያጠፋል፣ ወይም ቻርጀሩ እንደተሰካ ባትሪው ይወርዳል።

ከቁጥሮቹ አጠገብ መሐል ላይ ነጥብ፣ ዙሪያውን ደግሞ ያልተዘጋ ክብ ያለው ትንሽ ሥዕል ይገኛል፤ የፖላሪቲ ምልክት የሚባለው ይህ ነው። የመደመር ምልክቱ ከመሐሉ ነጥብ ጋር ከተያያዘ የጫፉ ውስጥ ፖዘቲቭ፣ ውጩ ኔጌቲቭ ነው። ክብ ጫፍ ያላቸው ላፕቶፖች ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ በዚህ መልኩ የተሠሩ ናቸው። ቢሆንም ከሌላ ዕቃ የተረፈ ቻርጀር ሲያነሡ ምልክቱን ማየት ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ጫፉ እንምጣ። ክብ ጫፎች በሁለት ቁጥር ይጠራሉ፤ የመጀመሪያው የውጩ ስፋት፣ ሁለተኛው የውስጡ ስፋት ነው፣ ሁለቱም በሚሊሜትር። በብዙ የኤሱስ ላፕቶፖች 4.0 በ1.35፣ በኤሰር 5.5 በ1.7፣ በቆዩ ዴልና ኤችፒ ላፕቶፖች 7.4 በ5.0፣ በኋላ በመጡት ደግሞ 4.5 በ3.0 የተለመዱ ናቸው። ሌኖቮ ለረጅም ጊዜ የተጠቀመበት ቢጫ ባለ አራት ማዕዘን ጫፍ ከማንም ጋር ስለማይምታታ ለገዢው እፎይታ ነው። ከሁሉም የሚያሳስተው በ5.5 በ2.1 እና በ5.5 በ2.5 መካከል ያለው የ0.4 ሚሊሜትር ልዩነት ነው። ቀዳዳው 2.1 የሆነ ጫፍ በላፕቶፑ መሰኪያ መሐል ባለው 2.5 በሆነው ፒን ላይ አይገባም፤ ስለዚህ ስህተቱ ወዲያው ይታወቃል። ቀዳዳው 2.5 የሆነው ግን 2.1 በሆነው ፒን ላይ ሰተት ብሎ ይገባል፤ የገባ ይመስላል እንጂ ብረት ከብረት በደንብ አይነካካም፣ ገመዱ በተነካ ቁጥር ኃይሉ ይቋረጣል፣ በመቆራረጡም ትንንሽ ብልጭታዎች እየተፈጠሩ ጫፉ ይጠቁራል። «ቻርጀሩ በአንድ አቅጣጫ ካልተያዘ አይሠራም» ከሚሉ አቤቱታዎች አንዳንዶቹ መነሻቸው ይህ ነው።

የዴልና የኤችፒ ጫፎች መሐል ላይ ቀጭን ፒን አላቸው። ይህ ፒን ኃይል አያስተላልፍም፤ ቻርጀሩ ምን ዓይነት እንደሆነና ስንት ዋት እንደሚሰጥ ለላፕቶፑ የሚነገርበት መስመር ነው። በዴል ቻርጀር ውስጥ ማንነቱን የያዘ ትንሽ ቺፕ አለ፤ ላፕቶፑ ያንን ማንበብ ካልቻለ ሲከፈት የቻርጀሩን ዓይነት መለየት እንዳልቻለ ያስታውቃል፣ በቻርጀሩ ኃይል መሥራቱን ይቀጥላል፣ ባትሪውን ግን አይሞላም፣ ፍጥነቱንም ዝቅ ያደርጋል። የሁለቱ ኩባንያዎች 4.5 በ3.0 ጫፍ ሲታይ መንትያ ቢመስልም የሚነጋገሩበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ የአንዱ ቻርጀር በሌላው ላይ ገብቶ ይህንኑ ምልክት ሊያሳይ ይችላል። ይሁን እንጂ መልእክቱን ያየ ሁሉ ቻርጀሩን መጣል የለበትም። መጀመሪያ ጫፉን ወደ ብርሃን አቅንተው ውስጡን ይመልከቱ፤ ፒኑ ተጣሞ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ከሆነ ወይም ገመዱ ከጫፉ በሚወጣበት አንገት ላይ ተቆልምሞ ከነበረ፣ የተበላሸው ወሬ አቀባዩ ቀጭን መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል።

በዩኤስቢ ታይፕ ሲ ቻርጅ የሚደረጉ ላፕቶፖች ይህንን አብዛኛውን ጣጣ አስቀርተዋል፤ የራሳቸውን ግን አምጥተዋል። በዚህ አሠራር ቻርጀሩ ሲሰካ በ5 ቮልት ይጀምራል፤ ከዚያ 5፣ 9፣ 15 ወይም 20 ቮልት መስጠት እንደሚችል ያቀርባል፣ ላፕቶፑ ይመርጣል፣ ከስምምነት በኋላ ብቻ ቮልቱ ከፍ ይላል። በዚህ ምክንያት ደረጃውን የጠበቀ የስልክ ቻርጀር ላፕቶፕ ላይ ቢሰካ አያቃጥለውም፤ ቢበዛ አልሞላም ይላል ወይም እያዘገመ ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የዚህ አሠራር ማሻሻያ 28፣ 36 እና 48 ቮልትን ጨምሮ ጣሪያውን ወደ 240 ዋት አድርሶታል።

ሰው የሚዘነጋው ገመዱን ነው። ተራ የታይፕ ሲ ገመድ የሚሸከመው 3 አምፔር ስለሆነ በ20 ቮልት ከ60 ዋት አያልፍም፤ 5 አምፔር እንዲያልፍ ገመዱ ራሱ አቅሙን የሚናገር ቺፕ በጫፉ ውስጥ ሊኖረው ይገባል። የ100 ዋት ቻርጀር ገዝቶ ከስልክ ጋር በመጣ ገመድ የሚያገናኝ ሰው ላፕቶፑ ቀስ ብሎ ሲሞላበት ቻርጀሩን ያማል፤ ጥፋተኛው ግን ገመዱ ነው። ገመድ ከማዘግየትም አልፎ ሊያጠፋ ይችላል፦ እ.ኤ.አ. በ2016 በገበያ ላይ ያሉ ገመዶችን እየገዛ ይፈትሽ የነበረው የጉግል መሐንዲስ ቤንሰን ሊዩንግ፣ የኃይልና የግራውንድ (የመመለሻ) መስመሮቹ በአንድ ጫፉ ላይ ተገላብጠው የተበየዱበት አንድ ገመድ ላፕቶፑን አበላሽቶበታል። ሁለትና ከዚያ በላይ መውጫ ባላቸው ቻርጀሮች ደግሞ የተጻፈው ዋት የድምር መሆኑን ያስታውሱ፤ ስልክ ሲጨመር የላፕቶፑ ድርሻ ይቀንሳል። በመጨረሻም ታይፕ ሲ ቀዳዳ ሁሉ ቻርጅ አይቀበልም፤ አንዳንዱ ለመረጃ ብቻ የተሠራ ስለሆነ የላፕቶፑን መመሪያ ማየት ይገባል።

ከሌላ አምራች የሚመጣ ቻርጀር በራሱ መጥፎ አይደለም። እኔ በበኩሌ ስሙን በግልጽ ጽፎ የሚሸጥ የሌላ አምራች ቻርጀር፣ የታወቀ ስም ከለጠፈ ፎርጅድ ይሻላል ባይ ነኝ፤ «ኦርጅናል» የሚለው ቃል በቻርጀር ላይ ክብሩን ካጣ ቆይቷል። በጥሩ ቻርጀር ውስጥ የግድግዳው ኤሌክትሪክ ያለበት ወገንና ላፕቶፑን የሚነካው ወገን በበቂ ርቀትና በጠንካራ መከላከያ ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ ርካሹ የሚቆጥበው ከዚህና ከማጣሪያ ክፍሎቹ ላይ ነው። ሳይከፍቱ የሚታዩ ምልክቶችም አሉ፦ በጽሑፉ ላይ የፊደል ግድፈት፣ ከቮልትና አምፔር ብዜት ጋር የማይገጥም ዋት፣ ከእኩያው በጣም የቀለለ ክብደት። የደህንነት ማረጋገጫ ምልክቶችን ግን ማንም ማተም ስለሚችል በእነሱ ብቻ አይደገፉ።

ቮልቱ በተንሸራታች ማብሪያ የሚመረጥባቸውን «ዩኒቨርሳል» ቻርጀሮች አልመክርም። ከ12 እስከ 24 ቮልት የሚሄድ አንዱን እጠቀም ነበር፤ አንድ ቀን ከቦርሳ ሳወጣው ማብሪያው 24 ላይ ሆኖ አገኘሁት። ሳልሰካው ስላየሁት ተረፍኩ፤ ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።

አዲሱን ቻርጀር ከላፕቶፑ ጋር ከማገናኘትዎ በፊት በመልቲሜትር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ፣ መለካት ብልህነት ነው። መልቲሜትሩን በዲሲ ቮልት ላይ ያድርጉ፤ መምረጫው 2፣ 20 እና 200 ካለው 200 ላይ ያኑሩት፣ ምክንያቱም 20 ላይ ሆኖ 20.1 ቮልት ሲያገኝ ከአቅሙ በላይ ስለሆነበት ቁጥሩን አያሳይም። ቀዩን መርፌ በጫፉ ውስጥ ከውስጠኛው ግድግዳ ጋር፣ ጥቁሩን ከውጩ ጋር ያስነኩ፤ መርፌው ሁለቱን በአንድ ላይ ከነካ ሾርት ስለሚያደርግ በጥንቃቄ ይያዙት። የቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ካለ ፖላሪቲው ተገልብጧል ማለት ነውና አይሰኩት። የታይፕ ሲ ቻርጀር ግን ዕቃ መሰካቱን ሳያውቅ ኃይል ስለማይሰጥ በዚህ መንገድ አይለካም።

ትክክለኛ ቮልት መገኘቱ ቻርጀሩ ሥራ ሲበዛበት መቻሉን አያሳይም። ስለዚህ ባትሪውን ከግማሽ በታች አውርደው ይሰኩትና ላፕቶፑን ግማሽ ሰዓት ያህል ሥራ ያብዙበት፤ ከዚያ ቻርጀሩን በእጅዎ ይያዙት። ቢሞቅ ደንብ ነው፤ እጅ የማያስይዝ ከሆነ፣ የፕላስቲክ ሽታ ካለው ወይም የሚንጫጫ ድምፅ ካሰማ ይንቀሉት። ቻርጀሩ ይህንን ሁሉ አልፎ ጫፉ ሲነካ አሁንም የሚቆራረጥ ከሆነ የላላው በላፕቶፑ በኩል ያለው መሰኪያ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ በአንዳንድ ላፕቶፖች በአጭር ገመድ የተያያዘ ስለሆነ በቀላሉ ይቀየራል፣ በሌሎቹ ግን ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ የባለሙያ እጅ ይጠይቃል።