ለቤት ስቱዲዮ ላፕቶፕና ሶፍትዌር፦ ድሬ ወይም ሐረር ሆኖ ለሚያቀናብር ሰው

ቅንብሩ 15ኛ ትራክ ላይ ሲደርስ ድምፁ ጠቅ ጠቅ እያለ መቆራረጥ ይጀምራል። ያኔ ብዙ ሰው የሚሮጠው ሶፍትዌር ለመቀየር ነው፤ ከኤፍኤል ስቱዲዮ ወደ ኩቤዝ፣ ከኩቤዝ ወደ ኤብልተን። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሶፍትዌሩ ላይ አይደለም። ድሬ ላይ ደግሞ ከሁሉም በፊት መጠርጠር ያለበት ሙቀት ነው። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ማሽኑን ያነቀው ምን እንደሆነ እወቁ። ይህን ለማወቅ አስር ደቂቃ ይበቃል።

ላፕቶፑን ምን አነቀው?

የሚያስቸግረውን ፕሮጀክት ክፈቱና በጣም የሚከብደውን ቦታ፣ ብዙ ጊዜ አዝማቹን፣ እያዞራችሁ አጫውቱ። ጎን ለጎን የማሽኑን ሸክም የሚያሳየውን የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ክፍል ተመልከቱ።

ሜሞሪው 90 በመቶ አልፎ ዲስኩም 100 በመቶ ላይ ከቆመ የጎደለው ራም ነው። ዊንዶውስ ራም ሲሞላበት ትርፉን ወደ ዲስክ ይገፋል፤ ዲስኩ አሮጌው የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ ደግሞ ድምፁን በሰዓቱ አያደርስም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ማስገባትና ራሙን 16 ጊጋ ማድረስ። 8 ጊጋ ላይ ዊንዶውስ ራሱ ከ2 እስከ 3 ጊጋ ስለሚወስድ ከባድ የፒያኖ ወይም የስትሪንግ ላይብረሪ (የተቀዱ ድምፆች ስብስብ) ሲጫን ቦታ ያልቃል። ራም ከመግዛታችሁ በፊት ታስክ ማናጀር ላይ ስንት ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ እዩ፤ የድሮው ዲዲአር3 እና ከእሱ በኋላ የመጣው ዲዲአር4 አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ፕሮሰሰሩ ገና 40 በመቶ እያለ ድምፁ ከተቆራረጠስ? ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው። ታስክ ማናጀር የሚያሳየው የሁሉንም ኮሮች (ፕሮሰሰሩ ሥራ የሚከፋፍልባቸው ክፍሎች) አማካይ ነው። አንድ ትራክ ላይ በሰልፍ የተደረደሩ ፕለጊኖች (በሶፍትዌሩ ውስጥ የሚጫኑ ትንንሽ የድምፅ ፕሮግራሞች) ግን አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ስለማይጀምር ሸክማቸው በአንድ ኮር ላይ ይወድቃል። ሁሉም ድምፅ በሚያልፍበት ማስተር ትራክ ላይ ስድስት ከባድ ፕለጊን ከደረደራችሁ አንዱ ኮር ትንፋሽ ሲያጥረው ሌሎቹ ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። ሪፐር የሚባለው ሶፍትዌር «ፐርፎርማንስ ሜትር» ላይ «አርቲ ሲፒዩ» በሚል ይህን ሸክም ለይቶ ያሳያል፤ ማየት ያለባችሁ እሱን ነው። ሚክስ እስኪያልቅ ማስተሩን ባዶ አድርጉት። ሪቨርብ በየትራኩ አትጫኑ፤ አንድ ሪቨርብ ለብቻው ትራክ ላይ አድርጋችሁ ሌሎቹን ወደ እሱ ላኩ። ያለቀ ትራክ ፍሪዝ ይደረግ፤ ማለትም ፕለጊኖቹ እንዳይሠሩ ወደ ድምፅ ፋይል ይቀየር።

ሜሞሪውም ፕሮሰሰሩም ሰላም ሆኖ በየተወሰነ ሰከንድ አንድ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ከገባ ጥፋቱ የድራይቨር፣ ማለትም ዕቃን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ነው። ሌተንሲሞን የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ለአስር ደቂቃ አስነሱት፤ የሚያስተጓጉለውን ፋይል በስሙ ያወጣዋል። ብዙ ጊዜ ዋይፋዩ ሆኖ ስለሚገኝ ስትቀዱ አጥፉት። የፓወር ቅንብሩ ላይ «ዩኤስቢ ሰለክቲቭ ሰስፔንድ» የሚለውንም ዝጉ፤ ዊንዶውስ ሳውንድ ካርዱን (ማይክን ከላፕቶፑ የሚያገናኘውን ዕቃ) ሥራ የፈታ መስሎት እንዳያስተኛው።

አራተኛው ሙቀት ነው። ታስክ ማናጀር ላይ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ተመልከቱ። ሲጀምር 3.4 ጊጋኸርዝ የነበረው ከሩብ ሰዓት በኋላ 1 ነጥብ ምናምን ላይ ከወረደ ማሽኑ ራሱን ከመቃጠል እያዳነ ነው።

ሙቀትና አቧራ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሐረር ደግሞ ወደ 1900 ሜትር ትጠጋለች። ሐረር ላይ ቀኑን ሙሉ ሳያንገራግር የሚሠራ ላፕቶፕ ድሬ ወርዶ በግንቦት ቀትር በቆርቆሮ ጣሪያ ስር ሊለግም ይችላል። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ። የክፍሉ አየር ቀድሞ 35 ዲግሪ ከሆነ መንገዱ ከሲሶው ነው የሚጀምረው። ነፃ የሆነው ኤችደብልዩ ኢንፎ የየኮሩን ሙቀት ያሳያችኋል።

መጀመሪያ አቧራውን አስወግዱ። ላፕቶፑን አጥፉ፣ የታችኛውን ክዳን ፍቱ፣ ባትሪውን ንቀሉ። ፋኑን በጣት ወይም በጥርስ መጎርጎሪያ ያዙትና በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት፤ ሳይያዝ አየር ከተነፋበት ከመጠን በላይ ተሽከርክሮ መሽከርከሪያው ይበላሻል። ከሁሉ የሚያፍነው በፋኑና በመዳብ ክንፎቹ መካከል እንደ ጨርቅ ተነጥፎ የሚገኘው አቧራ ስለሆነ፣ ክንፎቹን በውጭ ብቻ ነፍታችሁ አትለፉት። ማሽኑ ዕድሜ ካለው ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቆ ሊሆን ይችላል። በአልኮል ጠርጋችሁ የሩዝ ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት አድርጉበት። ሲበዛ ሙቀት ይይዛል እንጂ አይጠቅምም።

አቀማመጡም ቀላል ነገር አይደለም። ፍራሽ፣ ምንጣፍ፣ ሐረር ቤት ነደባ (መደብ) ላይ የተነጠፈው ትራስ፣ ሁሉም ከታች ያለውን የአየር መግቢያ ይደፍናሉ። የኋላውን ጫፍ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ሁለት እንጨት ይበቃል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበረደ የፓወር ቅንብሩ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ አውርዱት። ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ይህ ቱርቦውን (ፕሮሰሰሩ ለጊዜው ከመነሻ ፍጥነቱ በላይ የሚሮጥበትን) ያጠፋል። ጫፉ ዝቅ ይላል፤ ግን ፍጥነቱ ከላይ ወደ ታች አይዋልልም፤ ለሙዚቃ ደግሞ የሚሻለው የማይዋልል ነው። መነሻ ፍጥነቱ በጣም ዝቅተኛ የሆነ ማሽን ላይ ግን ይከብዳል፤ ሞክራችሁ ወስኑ።

የቬንቲሌተሩ ነገር ድሬ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከበራ ድምፁ ማይክ ውስጥ ይገባል፤ ከጠፋ ድምፃዊውም ላፕቶፑም ይግላሉ። ድምፅ የሚቀዳው ሌሊት ወይም ማለዳ ይሁን፤ ቀትርና ከሰዓት በኋላ ለቅንብርና ለኤዲቲንግ ይተው። ለድምፃዊ ስትቀዱ ሙሉውን ፕሮጀክት አትክፈቱ። ቢቱን ስቴሪዮ ፋይል አድርጋችሁ አውጡና በአዲስ ባዶ ፕሮጀክት ላይ ቅዱ። ማሽኑ ቀለል ሲለው ፋኑም ዝም ይላል።

ባፈር

ባፈር ኮምፒውተሩ ድምፁን ለማዘጋጀት የሚያገኘው ጊዜ ነው፤ ሲያንስ መዘግየቱ ይቀንሳል፣ ሸክሙ ይጨምራል። 44,100 ኸርዝ ላይ 128 ሳምፕል ማለት 2.9 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ 256 ደግሞ 5.8፣ 1024 ደግሞ 23 ሚሊ ሰከንድ። ድምፅ ገብቶ እስኪወጣ እጥፍ ያህልና የድራይቨሩ ጭማሪ አለበት። ስትቀዱ 128 ወይም 256፣ ሚክስ ስታደርጉ 1024። ሳውንድ ካርዱ «ዳይሬክት ሞኒተር» ካለው ድምፃዊው ራሱን በኮምፒውተሩ በኩል ሳይዞር ስለሚሰማ ባፈሩን ከፍ አድርጋችሁም መቅዳት ትችላላችሁ። ሁልጊዜ የካርዱን የራሱን አሲዮ (ለሙዚቃ የሚሆን፣ መዘግየት የሚቀንስ) ድራይቨር ጫኑ፤ አሲዮ ፎር ኦል ካርድ ለሌለው ማሽን ማዝገሚያ ነው። 96,000 ኸርዝ ሸክሙን እጥፍ ያደርጋል፤ ለቤት ሥራ 48,000 በ24 ቢት ከበቂ በላይ ነው።

መብራት

በሄድፎን «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የቻርጀሩን ሶኬት ንቀሉ። ከጠፋ፣ ብዙ ጊዜ ግድግዳው አርዝ የለውም ወይም ማከፋፈያው ሦስተኛውን እግር አላገናኘም ማለት ነው። ኤሌክትሪሺያን እስኪያስተካክለው በባትሪ ቅዱ፤ ግን ዊንዶውስ በባትሪ ሲሆን ፍጥነት እንዳይቀንስ የፓወር ቅንብሩን ቀድማችሁ አስተካክሉ። መብራት ሲጠፋም ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው ይቀጥላል፤ ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ ከነሥራው ይጠፋል። አውቶ ሴቭን በየ5 ደቂቃው አድርጉት።

ላፕቶፕ ስትገዙ

ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብታችሁ ሻጩ «አይ7 ነው» ብሎ ሲምል መልሳችሁ የምትጠይቁት ጄኔሬሽኑን ነው። አይ7-7500ዩ ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው፤ ከእሱ በኋላ የመጣው አይ5-8250ዩ አራት አለው። ስለዚህ ይህ 8ኛ ጄኔሬሽን አይ5 ከዚያ 7ኛ አይ7 ይበልጣል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለውም ከ8ኛው ጀምሮ ነው፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ዩ ያለው ለባትሪ ቁጠባ የተሠራ ነው፤ ኤች ያለው ጉልበት አለው፣ ግን ይሞቃል። ከቢሮ የወጡ የዴል ላቲቲዩድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክና የሌኖቮ ቲንክፓድ ማሽኖች ክዳናቸው በቀላሉ ስለሚፈታ ለማጽዳትም ለማሻሻልም ያመቻሉ። ማክቡክ ኤር ኤም1 ጉልበተኛ ነው፣ ፋን ስለሌለውም ድምፅ አያወጣም፤ ራሙ ግን በኋላ ስለማይጨመር 8 ጊጋውን ከገዛችሁ በ8 ትኖራላችሁ።

በባዶ እጅ አትሂዱ። ሪፐር ሲጫን «ፖርተብል» የሚል ምርጫ ስላለው ፍላሽ ላይ ይቀመጣል። ከራሱ ፕለጊኖች ሪያሲንዝ፣ ሪያኮምፕና ሪያቨርቤት የተጫነባቸው 20 ትራክ ያለው ፕሮጀክት አዘጋጁና ሱቁ ውስጥ ለ20 ደቂቃ አጫውቱ። ፍጥነቱ ከወረደ፣ ፋኑ ከጮኸ ወይም ላፕቶፑ ከጠፋ መልሳችሁ ስጡት። 20 ደቂቃ የማይታገስ ሻጭ ራሱ መልስ ነው።

ሶፍትዌር

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ። ክራክ ፕለጊን (ፈቃዱ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራ) ከፍላሽ ፍላሽ ሲዞር ሁሉም ያየዋል። አጫጫኑ «አንቲቫይረሱን አጥፉ» ብሎ ከጀመረ ከፕለጊኑ ጋር ምን እንደገባ አይታወቅም፤ ከዓመት በኋላም ዊንዶውስ ሲቀየር ፕለጊኑ አልነሳ ይልና የድሮው ፕሮጀክት ባዶ ሆኖ ይከፈታል። ደንበኛ «ያንን ሚክስ ትንሽ አስተካክልልኝ» ብሎ ሲመጣ የሚያስከፍለው ይሄ ነው።

ለብዙ ሰው የመጀመሪያው ምርጫ ሪፐር መሆን አለበት ብለን እናምናለን። ማውረጃው ከ50 ሜጋባይት በታች ስለሆነ በሞባይል ዳታ ይወርዳል። 60 ቀን ሳይቆለፍ ይሞከራል። የዓመት ገቢው ከ20,000 ዶላር ለማያልፍ ሰው ፈቃዱ 60 ዶላር ነው፤ ክፍያው አንድ ጊዜ ነው። መልኩ አያምርም፣ ውስጡም ድራምና ሲንተሳይዘር በሽ በሽ አይደለም። ግን በደካማ ማሽን ላይ እንደ እሱ የሚቀል ማግኘት ይከብዳል።

ቢት ለሚሠራ ሰው ኤፍኤል ስቱዲዮ ይፈጥናል፤ አንዴ ከተገዛ ቀጣዮቹ እትሞች በነፃ ይመጣሉ። ሁለት ወጥመድ አለበት። ፍሩቲ የሚባለው ርካሹ እትም ድምፅ አይቀዳም፤ ድምፃዊ ለመቅዳት ፕሮዲውሰር የሚለውን መግዛት ያስፈልጋል። የሙከራው እትም ደግሞ ፕሮጀክት ያስቀምጣል እንጂ ፈቃድ እስክትገዙ ያስቀመጣችሁትን መልሶ አይከፍትም። ስለዚህ በሙከራ ስትሠሩ ከመዝጋታችሁ በፊት እያንዳንዱን ትራክ ለብቻው አውጡ። ማክ ያለው ሰው በነፃው ጋራዥባንድ ይጀምር፤ ሲጠበው ሎጂክ ፕሮ አለ። ምንም መክፈል ለማይችል የትራክሽን ዌቭፎርም ፍሪ የትራክ ገደብ የለውም።

ድምፆች ላይ ገንዘብ ለማውጣት አትቸኩሉ። የድምፅ ላይብረሪ የሚያጫውተው ኮንታክት ፕሌየር ነፃ ነው፤ ነገር ግን ለእሱ ያልተፈቀደ ላይብረሪ 15 ደቂቃ ሠርቶ ይዘጋል። «ሙሉ ኮንታክት ያስፈልጋል» የሚል ላይብረሪ በ20 ዶላር ስትገዙ ሙሉ ኮንታክትም መግዛት አለባችሁ ማለት ነው። የክራር ድምፅ ደግሞ ከውጭ ከመግዛት ራስ መቅዳት ይሻላል፤ የባቲና የአንቺሆዬ ቅኝት በፒያኖ ልክ ከተቃኘ ድምፅ ጋር እንደማይገጥም ጆሮ ያውቀዋል። ከስድስቱ ክር እያንዳንዱን በቀስታ፣ በመካከለኛና በኃይል መትታችሁ አራት አራት ሰከንድ ቅዱ። 18 ፋይል፣ በሞኖ በጠቅላላ 10 ሜጋባይት አካባቢ። ሪያሳምፕሎማቲክ የሚባለው የሪፐር ፕለጊን ላይ ጭናችሁ ከኪቦርድ መጫወት ነው። ከበሮም እንዲሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት ፈቃዱ በምን እንደሚሠራ እዩ። በወር የሚከፈል ነገር የባንክ ካርዱ ክፍያ አንድ ወር ካልተሳካ ይቆለፋል፤ ዶላር በሚያስቸግርበት አገር አንዴ የሚከፈለው ይሻላል። አይሎክ የሚባለውን የፈቃድ መቆጣጠሪያ የሚጠይቅ ፕለጊን ከሆነ ፈቃዱ ኮምፒውተሩ ላይ መቀመጥ መቻሉን አረጋግጡ። በክላውድ ብቻ ከሆነ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ፕለጊኑም ይቆማል። ውጭ ያለ ዘመድ ሲከፍልላችሁ አካውንቱ የሚከፈተው በእናንተ ኢሜይል ይሁን፤ እሱ ካርዱን ብቻ ያስገባ። በእሱ ስም ከተመዘገበ ማሽን በቀየራችሁ ቁጥር የምትደውሉት ለእሱ ነው።

አዲስ ሳውንድ ካርድ ብዙ ጊዜ ከኤብልተን ላይቭ ላይት ወይም ከኩቤዝ ትንሹ እትም ጋር ይመጣል፤ ለጀማሪ ይበቃል። ያገለገለ ካርድ ላይ ግን ኮዱ በመጀመሪያው ባለቤት ተመዝግቦ ስለሚሆን ሻጩ «ሶፍትዌርም አለው» ብሎ የሚጨምረውን ብር አትክፈሉ።