የክላሚዲያን ዓይነት መለየት ከጉረኖው ይጀምራል

ድሬዳዋ ውስጥ የእንስሳት ናሙና መመርመር ከጀመርኩ ዓመታት ሆነኝ። ፍየል የሚያስጨነግፈውን ክላሚዲያ የሚባል ባክቴሪያ ዓይነቱን መለየት ሊማሩ አዲስ የሚመጡ ልጆች ሁሌ ስለ ማሽኑ ይጠይቁኛል። እኔ ደግሞ ቀድሜ «ናሙናውን ከየት አነሣችሁት?» እላቸዋለሁ። ፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ ተህዋሲን የሚለየው ምርመራ) የሰጣችሁትን ነው የሚያነበው።

እኔም አንዴ ተሸውጃለሁ። የጨነገፈች ፍየል የእንግዴ ልጅ መጣልኝ፤ በጠጥ ላይ ወድቆ የቆየ ነው። ሳላጥበው ቆርጬ መረመርኩ። ክላሚዲያ ፔኮረም ወጣ። «ጥፋተኛው ተገኘ» ብዬ ጻፍኩ። ፔኮረም ግን ጤነኛ በሚመስል ፍየል አንጀት ውስጥም ይኖራል። ከበጠጡ ይምጣ ከእንግዴ ልጁ፣ በምን አውቃለሁ? በማስጨንገፍ የሚታወቀው ዘመዱ ክላሚዲያ አቦርተስ ነው። ብዙውን ጊዜ ለመውለድ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀራት ያስጥላታል።

ከዚያ ወዲህ ዝግጅቴ ከማታ ይጀምራል። ናሙናውን እንዲያቀዘቅዙልኝ ሃይላንዶች ውሃ ሞልቼ ፍሪዘር ውስጥ አሳድራለሁ። በድሬ ፀሐይ ተራ በረዶ እኩለ ቀን ሳይደርስ ውሃ ነው። ሁለት ሁለት ጓንት፣ ማስክና የዓይን መከለያ እይዛለሁ።

ባለፈው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ አንዲት እናት ግቢ ገባሁ። የእንግዴ ልጁ ጥግ ላይ ወድቋል፤ ውሻው እያንዣበበ ነው። «እማማ፣ እንዳይነኩት» አልኳቸው። «ልጄ፣ ስንቱን በእጄ አውጥቼ ጥያለሁ!» አሉኝ። ዞር ስል ነፍሰ ጡር ምራታቸው ሊያነሡት ነው መሰል ፌስታል ይዘው ቆመዋል። ቶሎ ወደ ቤት አስገባኋቸው። አቦርተስ ወደ ሰው ይተላለፋል። ነፍሰ ጡርን ክፉኛ ያሳምማል፣ ጽንሱንም ያስወርዳል። የእናንተም ባልደረባ ነፍሰ ጡር ከሆነች ለዚህ ሥራ አትውጣ።

የእንግዴ ልጁ ላይ አዝራር የሚመስሉ እብጠቶች አሉ። ቀለማቸው የደፈረሰውን፣ ዙሪያቸው እንደ ቆዳ የደነደነውን ምረጡ። በንጹሕ የጨው ውሃ አለቅልቁና የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቁረጡ። ውሻ ከቀደማችሁ የብልቷን ፈሳሽ በስዋብ ውሰዱ፤ እሱም እዚያው በጨነገፈች ሰሞን ነው። የስዋቡ እንጨት ፕላስቲክ ይሁን (እንጨት ስለው የእውነት እንጨቱን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ምርመራውን ያውካል)። ፎርማሊን ውስጥ አትንከሩ፣ ዲኤንኤውን ይጎዳዋል። ለማቆያ አልኮል ከተጠቀማችሁ ስሙን በእርሳስ ጻፉ። የማርከር ጽሑፍ አልኮል ሲነካው ይጠፋል፤ አንድ ቀን ስድስት ቲዩብ ስም አልባ ሆኖብኝ ያውቃል።

ቤተ ሙከራ ስትገቡ ደም የበዛበት ናሙና ፒሲአሩን ያፍነዋል። ምንም ካልወጣ ዲኤንኤውን አሥር እጥፍ አቅጥናችሁ ድገሙት። ዲኤንኤ ማውጫው ፈሳሽ ጓኒዲን ካለበት በረኪና አታስጠጉት፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ባዶው ማነጻጸሪያ (ናሙና ያልገባበት ቲዩብ) አንዴ እንኳ ፖዘቲቭ ካለ፣ የዕለቱን ሥራ በሙሉ ጣሉት። ያማል፣ ግን ጣሉት።

መጀመሪያ በ23ኤስ ጂን ክላሚዲያ መኖሩን አረጋግጡ። ቀጥሎ ኦምፕ-ኤ የሚባለውን ጂን አባዙና ፊደሉን አስነብቡ። የባክቴሪያው የውጭ ሽፋን ዋና ፕሮቲን የሚሠራው በዚህ ጂን ነው፤ አራት ተለዋዋጭ ቦታዎች አሉት። ውጤቱን በዳታቤዝ ከማስፈለጋችሁ በፊት ግራፉን በዓይናችሁ እዩ። በአንድ ቦታ ሁለት ጫፍ ተደራርቦ ከመጣ ምናልባት ሁለት ዓይነት ተቀላቅሏል።

የፔኮረም ኦምፕ-ኤ በጣም ይለያያል። አቦርተሶች ግን እርስ በርስ መንታ ይመስላሉ፤ ኦምፕ-ኤ ከዝርያው ስም ብዙም አያልፍላችሁም። ጠለቅ ማለት ከፈለጋችሁ ሰባት ጂኖችን አንድ ላይ የሚያነጻጽረው ኤምኤልኤስቲ አለ። ፍየል የሚያስጨነግፉትን ሌሎቹን፣ ብሩሴላንና ኪው ፊቨርንም ጎን ለጎን መርምሩ። አንዷ ፍየል ሁለት በሽታ አትይዝም ያለ የለም።

የዚያች ግቢ ናሙና አቦርተስ ሆነ። ለእማማ ደወልኩላቸው። «ልሽጣት እንዴ?» አሉኝ። ዳግም ላትጨነግፍ ትችላለች፣ ስትወልድ ግን ተህዋሲውን ልትረጭ ትችላለች፤ የሰው ጉረኖ ከምትገባ እርስዎ ዘንድ ለብቻዋ ትቆይ አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ።

«ወተቷስ?»

«አፍልተው፣ እማማ።»