ፎክስፒ3ን በህብረ ሕዋስ ስላይድ ላይ በአንቲቦዲ እንዴት ማየት ይቻላል?

ፎክስፒ3 የጂኖችን ሥራ የሚቆጣጠር ፕሮቲን ነው። በዋናነት የሚገኘው የሰውነትን መከላከያ ልጓም በሚይዙ የቲ ሕዋሳት ኒውክለስ ውስጥ ነው። ትልቁ መመሪያችንም ይኸው ቦታው ነው፤ አንቲቦዲው (ፎክስፒ3ን ለይቶ የሚይዘው ፕሮቲን) መያዙን የሚያሳየው ቡናማ ቀለም ከኒውክለስ ውጭ ከተንጣለለ አይመኑት።

አንቲቦዲ ሲመርጡ መጀመሪያ ፎርማሊን ነክቶት በፓራፊን በተቀበረ ናሙና ላይ መሞከሩን ያረጋግጡ። በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በጄል ለይቶ በአንቲቦዲ በሚፈልግ ዘዴ) ግሩም ውጤት የሰጠ አንቲቦዲ ስላይድ ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ እዚያ ፕሮቲኑ ተዘርግቶ ይቀርባል፣ እዚህ ግን ፎርማሊን ጠፍሮታል። ጂኑ በተወገደበት ሕዋስ ላይ ምልክቱ እንደሚጠፋ የሚያሳይ ምስል ካለው ከሌሎቹ ያስቀድሙት። የክሎኑን (አንቲቦዲው የተገኘበትን የሕዋስ ዘር) ስምና የምርት ቁጥሩን መመዝገብ አይርሱ።

ናሙናው በ10 ፐርሰንት ገለልተኛ ፎርማሊን 24 ሰዓት ያህል ይቆይ። ፓራፊን ውስጥ ከተቀበረ በኋላ በ4 ማይክሮሜትር ውፍረት ቆርጠው ስላይድ ላይ ያንሱትና በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ1 ሰዓት ያሙቁት። ፓራፊኑን በዛይሊን አስወግደው በ100፣ በ95 እና በ70 ፐርሰንት አልኮል አሳልፈው ውሃ ውስጥ ያስገቡት። ከዚህ ወዲያ ስላይዱ ለአፍታም አይድረቅ፤ የደረቀው ጠርዝ ያለ ምክንያት ይቡናማል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው የማሞቅ ደረጃ ነው። ፎርማሊን ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ስለሚያስር አንቲቦዲው የሚይዘው ክፍል ይሸፈናል፤ የሚገልጠው ሙቀት ነው። 10 ሚሊሞላር ትሪስና 1 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ባለው፣ ፒኤቹ 9 በሆነ ባፈር ውስጥ ከ95 እስከ 98 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ ያቆዩት፤ እዚያው ባፈር ውስጥ ለ20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። ምልክቱ ከደከመ አንቲቦዲ ከመጨመርዎ በፊት ይህን ደረጃ ይፈትሹ።

በቀይ የደም ሕዋሳት ያለው ፐርኦክሲዴዝ (በኋላ ቡናማውን ቀለም የሚያወጣው ኢንዛይም) መሰል ባሕርይ ሐሰተኛ ቀለም ስለሚያወጣ በ3 ፐርሰንት ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ለ10 ደቂቃ ያጥፉት። ከዚያ ሁለተኛው አንቲቦዲ (ዋናውን አንቲቦዲ የሚይዘው) ከተሠራበት እንስሳ በተወሰደ 5 ፐርሰንት ሴረም ለ30 ደቂቃ ይሸፍኑት።

ዋናውን አንቲቦዲ 1 ለ50፣ 1 ለ100፣ 1 ለ200 እና 1 ለ400 አቅጥነው በተለያዩ ስላይዶች ላይ ይሞክሩ፤ እርጥበት ባለው ሳጥን ውስጥ በ4 ዲግሪ ይደር። የሚመረጠው ኒውክለሱ ጥርት ብሎ ዙሪያው ንጹሕ የሆነበት እንጂ በጣም የጠቆረው አይደለም።

በማግስቱ 3 ጊዜ፣ እያንዳንዱን 5 ደቂቃ ይጠቡት። ፐርኦክሲዴዝ የተጣበቀበትን ሁለተኛ አንቲቦዲ ለ30 ደቂቃ ያድርጉ፤ እንደገና ይጠቡና ዳብ (በፐርኦክሲዴዝ ወደ ቡናማ የሚለወጥ ኬሚካል) ይጨምሩ። ዳብ ለጤና አደገኛ ስለሆነ ጓንት ግድ ነው። ቀለሙ ሲወጣ በማይክሮስኮፕ እያዩ፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ በውሃ ያቁሙት፤ የሚነጻጸሩ ስላይዶች ሁሉ እኩል ደቂቃ ይቆዩ። ኒውክለስን ሰማያዊ የሚያደርገው ሄማቶክሲሊን 30 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል፤ ሰማያዊው ከበዛ ኒውክለስ ውስጥ ያለውን ደካማ ቡናማ ይውጠዋል።

በእያንዳንዱ ዙር የቶንሲል ስላይድና ዋናው አንቲቦዲ ያልተጨመረበት ስላይድ አብረው ይሠሩ። ቶንሲሉ ላይ በፎሊክሎቹ (ክብ የቢ ሕዋሳት ክምችቶች) መካከል ትናንሽ ክብ ኒውክለሶች ተበታትነው ቡናማ ሆነው ይታያሉ፤ የላይኛው ሽፋን ሕዋሳት ግን ሰማያዊ እንደሆኑ ይቀራሉ። ቶንሲሉ ባዶ ከሆነ ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው፤ የናሙናውን ውጤት አያንብቡ። ዋናው አንቲቦዲ በሌለበት ስላይድም ቡናማ ከታየ ወይ ሁለተኛው አንቲቦዲ፣ ወይ ያልጠፋ ፐርኦክሲዴዝ፣ ወይም በህብረ ሕዋሱ ውስጥ ያለ ሜላኒን ነው።